የሽንት ጨርቁ ይታጠብ፤ ወንዝ ውስጥ ግን አይሁን

በክረምት፣ ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስት፣ በምዕራብ ጎጃሟ ፍኖተ ሰላም የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን ጥግ ጥጉን ይዞ የሚሄድ ሰው የከተማው ቆሻሻ መልኩን እየለወጠ መምጣቱን ያያል። ቀድሞ ጎርፉ ገፍቶ ድልድይ ሥር የሚያከማቸው የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ነበር። ዛሬ በመካከላቸው ውሃ ጠጥቶ ያበጠ፣ ጎኑ ተቀዶ ነጭ ዝልግልግ ነገር የሚተፋ ዳይፐር አለ። ቡሬም ያው ነው። ውሻ ከቆሻሻ ክምር ጎትቶ መንገድ ዳር ይበትነዋል፤ ልጆች በእግራቸው ይገፉታል፤ ላም ታሸተዋለች። በአገራችን ቄራዎች ከሚታረዱ ከብቶች ጨጓራ ውስጥ ፌስታልና ላስቲክ እንደሚገኝ የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ ላሟ ስታሸተው ያየ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፍ አይገባውም።

ስለ ሕፃን ሽንት ጨርቅ አደባባይ ላይ ማውራት ለብዙ ሰው ነውር ይመስላል። እኔ ግን የሁሉንም ቤት በእኩል የሚያንኳኳ ጉዳይ ከዚህ ሌላ ብዙ አላውቅም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ምዕራብ ጎጃም ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነበረው። ከዚያ ወዲህ በዞኑ የተወለደ እያንዳንዱ ሕፃን አንድም በጨርቅ፣ አንድም በዳይፐር፣ አንድም በእናቱ እግር ላይ ተቀምጦ አድጓል። ከእሱ የወጣው ነገር የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ዳይፐርን በዓለም ዙሪያ በሰፊው ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ የወጣው የአሜሪካው ፓምፐርስ ነው። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2017 ኦንቴክስ የተባለ የቤልጂየም ኩባንያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ከፍቶ ካንቤቤ የሚባለውን ዳይፐር ማምረት ጀምሮ ነበር። ዛሬ በወረዳ ከተሞች ሱቆች መደርደሪያ ላይ የተለያየ ስም ያለው ዳይፐር ተደርድሯል፤ ሙሉ እሽግ መግዛት ላልቻለም በፍሬ ይሸጥለታል። ውጪው ስስ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ከእንጨት የተሠራ ጥጥ መሰል ነገርና ሽንትን መጥጦ ዝልግልግ የሚያደርግ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የሚባል ኬሚካል ነው። አንድ ሕፃን በቀን 4 ቢበቃው እንኳ በሁለት ዓመት ውስጥ 2,920 ዳይፐር ይጥላል። አንድ ልጅ ብቻውን ማለት ነው። ፕላስቲኩ እንደ ቆረቆንዳው በስብሶ አፈር አይሆንም፤ ቢቃጠል ጭሱ ለጎረቤት ይተርፋል፤ ሽንት ቤት ቢጣል ጉድጓዱን ይሞላል።

ዳይፐርን በጅምላ የምኮንን ሰው አይደለሁም። ሕፃን ታቅፋ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የምትሳፈር እናት፣ መንታ የወለደች፣ የታመመ ልጅ ይዛ ሆስፒታል የተኛች፣ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ፈቃድ አልቆ ሥራ የገባች ሴት ዳይፐር ቢያግዛት ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ፣ ቆሻሻውን የሚቀበልና የሚለይ ሥርዓት ባላዘጋጁ ከተሞች ዳይፐር የሥልጣኔ መለኪያ፣ ጨርቅ ደግሞ የድህነት ምልክት ሆኖ መታየቱ ነው። በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ይህን በግልጽ ታዝቤያለሁ። ቤቷ በጨርቅ የምታሳድግ እናት ሰው ፊት ልትቀርብ ስትል ከጉሮሮዋ ቀንሳ አንድ ፍሬ ዳይፐር ትገዛለች። ለራሷ እንቁላል ወይም ወተት ሊሆናት የሚችል ገንዘብ፣ የምታጠባ ሴት ገንዘብ፣ ለሁለት ሰዓት እይታ ይውላል። በዚህ እሷን መውቀስ አይገባም። እንድታፍር ያደረግናት እኛ ነን።

ወደ ጃቢ ጠህናን፣ ወደ ቋሪት፣ ወደ ወንበርማ ወረዳዎች ገጠር ሲወጣ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሽንት ጨርቅ ከሱቅ አይመጣም፤ ከቤት ይወጣል። ያረጀ ነጠላ ተቀዶ ለቀን ይሆናል፤ ጥጡ በታጠበ ቁጥር ስለሚለሰልስ ለሕፃን ገላ ከአዲስ ጨርቅ ይሻላል። ያለቀ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ሽንት ይይዛል፤ ለሌሊት ይቀመጣል። ያለው ደግሞ ከገበያ አቡጀዲ ገዝቶ በልኩ ይቆርጣል። ከአንዱ ልጅ ወደ ታናሹ፣ ከእህት ወደ እህት ይተላለፋል። አርግዛ መውለጃዋ የቀረበ ሴት እናቷ ወይም አማቷ ይህን ጨርቅ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ከቅቤውና ከገንፎ እህሉ ጎን ታስቀምጥላታለች።

እናትየውም ልጇን በጨርቁ ላይ ብቻ አትተወውም። ሕፃኑ ጠብቶ ትንሽ እንደቆየ፣ ወይም ፊቱ ቀላ ብሎ ጭጭ ሲል፣ ተቀምጣ እግሮቿን ገጥማ በመካከላቸው ታስቀምጠዋለች። ጥቂት ወር ሲሆነው ልጁም ይለምደዋል። ፖፖ ላይ ለመቀመጥ ሳይደርስ ጊዜውን ያውቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ አንዳንድ ወላጆች ይህንኑ እንደ አዲስ ዘዴ ከመጽሐፍ እየተማሩት ነው። የእኛ እናቶች ከእናቶቻቸው ተምረውታል፤ ሲጠቀሙበትም ማንም አላመሰገናቸውም።

የአራስነቱ ወራት ደግሞ ሥራው የተከፋፈለበት ጊዜ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሷ ትታረሳለች። ጨርቁን እናቷ፣ እህቷ ወይም ጎረቤት ታጥባለች። ከክርስትናው ማግስት ግን ጠያቂው ሁሉ ወደየቤቱ ይመለሳል፤ ሳፋው ከእሷ ጋር ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ተኩል ውስጥ አንዲት ሴት ስንት ጀሪካን ውሃ ለጨርቅ ብቻ ተሸክማ እንደምትመጣ የቆጠረላት የለም። ጨርቅ ርካሽ ነው ስንል የእሷን ጀርባ ሒሳብ ውስጥ አናስገባም።

ጨርቅ ለአካባቢ ይሻላል የሚለው አባባልም በደፈናው አይሠራም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል በዳይፐር ቢያድግ 550 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በሚታጠብ ጨርቅ ቢያድግ ደግሞ 570 ኪሎ ግራም ገደማ የካርቦን ልቀት እንደሚያስከትል አስልቶ ነበር። እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጨርቁን እዚህ ያደረሰው ውሃ ለማፍላትና ጨርቁን በማሽን ለማድረቅ የሚጠፋው ኃይል ነው። ሆኖም ጥናቱ አክሎ እንደሚለው ማሽኑ ሞልቶ ቢታጠብበት፣ ጨርቁ ገመድ ላይ ቢደርቅና ለሁለተኛ ልጅ ቢያገለግል የጨርቁ ጉዳት በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እነዚያ ቤተሰቦች እንዲያደርጉት የሚመከሩትን የጎጃም እናት ድሮም ታደርገዋለች። ኃይሏ ክንዷ ነው፣ ማድረቂያዋ ፀሐይ ነው፣ ጨርቁም ለሦስተኛና ለአራተኛ ልጅ ይተርፋል። በዚህ መለኪያ የእኛ የሽንት ጨርቅ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

የሚያሳፍረን ሌላ ቦታ ነው። ጨርቁ የሚታጠበው የት ነው? በላህ፣ በፈጣም፣ በብር ወንዞች ዳር፣ በየጎጡ ምንጭ ሥር። ሁሉም ውሃ ወደ ዓባይ የሚወርድ ነው። በዚሁ ዞን፣ በሰከላ ወረዳ፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ ጠበል ብለን ጫማ አውልቀን እንቀርበዋለን፤ ገባሮቹ ላይ ደግሞ የሕፃን ሰገራ ያለበት ጨርቅ ይለቀለቃል፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ ቤት እንስራ ይሞላል። «የሕፃን ነገር ምንም አያደርግም» የሚል እምነት አለ፤ በየቤቱ ይሰማል። ጡት ብቻ ስለሚጠባ ንጹሕ ነው ይባላል። ይህ እምነት ልጆቻችንን እየጎዳ ነው። የሕፃን ሰገራ እንደ አዋቂው ሁሉ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሐዋስያንን ይይዛል፤ ልጁ ውሃ አብሮ መጠጣት ከጀመረ፣ መሬት ላይ ከዳኸና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ከከተተ በኋላ ደግሞ በሰገራው የጥገኛ ትላትሎች እንቁላልም ሊኖር ይችላል።

የሕፃን ሰገራ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ እናንሣ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከኢትዮጵያ ክልሎች ከፍተኛው ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማልትራ በተባለው ዘመቻ በክልሉ ቀበሌ ለቀበሌ አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ሲታደል ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት የትራኮማ መከላከያ መንገድ ግን አራት ነገር ነው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን ኢንፌክሽኑን የምታመላልሰው ዝንብ በብዛት የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባው አይመቻትም። ቤተሰቡ በሙሉ ሽንት ቤት ቢጠቀምና የሕፃኑ ሰገራ ብቻ ከጓሮ፣ ከአጥር ሥር ቢጣል፣ ዝንቧ ቤቷን አላጣችም ማለት ነው። መድኃኒቱ በየዓመቱ ሲመጣ በሽታውም የሚመለስበት አንዱ በር ይህ ነው።

ቢልሃርዝያም እንዲሁ ነው። እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ወንዝ ውስጥ እስከ ባቷ ገብታ ስታጥብ የምትውለው ሴት ለዚህ የተጋለጠች ናት። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉትን ማስታወስ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው ልብስ ከምታጥብ ሴት ጎን ቆሞ በማየት ነው። ሴቲቱ ግን ከስድሳ ዓመት በኋላም እዚያው ወንዝ ውስጥ ቆማለች።

ትክክለኛው አያያዝ ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም። ሰገራው አስቀድሞ ተጠርጎ ሽንት ቤት ይገባል። ጨርቁ ከወንዙ ርቆ በሳፋ ይዘፈዘፋል፤ የመጀመሪያው ውሃም ሽንት ቤት ወይም ለዚሁ ተብሎ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋል። በሳሙና፣ ቢቻል በሙቅ ውሃ፣ ታጥቦ ሳሙናው እስኪለቅ ይለቀለቃል፤ በረኪና የነካው ጨርቅ ደግሞ በደንብ ካልተለቀለቀ የሕፃኑን ቆዳ ይልጣል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ያጠበችው ሴት እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ሊጥ አትነካም። ክረምት ላይ ችግር አለ፤ ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም፣ ምድጃ ላይ ሲሰቀል ይጨሳል፣ ርጥቡን ያሰሩለት ልጅ ቂጡ ይቀላል። ለዚያ ወራት የጨርቁን ቁጥር አብዝቶ መያዝ ይረዳል። ከባዱ ነገር ውሃው ነው። ቦኖው በተበላሸበት፣ ምንጩ ሩቅ በሆነበት ቀበሌ «ጨርቁን ወንዝ አትውሰጂ» ማለት ሁለት ጀሪካን ተጨማሪ ሸክም ማዘዝ ነው። ውሃ ሳያቀርብ የሚመክር መንግሥት ምክሩ ግማሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን በግጭት ውስጥ አልፏል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከሱቅ ዕቃው ጠፍቷል፤ የተገኘውም ዋጋው ንሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጇን ሙሉ በሙሉ በዳይፐር ያስለመደች እናት የምትይዘው የምትጨብጠው ታጣለች። ያረጀ ነጠላ ግን የጭነት መኪና አይጠብቅም። ይህን የምለው ችግርን ለማወደስ አይደለም። ያለንን ነገር ንቀን ስንጥል ጥለን የምንሄደው መጠባበቂያችንን ጭምር መሆኑን ለማሳየት ነው።

ጨርቁን ማሻሻልም በእጃችን ነው። መቀሌ ላይ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ የመሠረቱት ማርያም ሰባ የተባለው ፋብሪካ ለሴቶች ልጆች የሚታጠብ የወር አበባ መጠበቂያ ሲያመርት ቆይቷል፤ ለዚህ ሥራቸው ሲ.ኤን.ኤን. እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ጀግና ብሎ መርጧቸዋል። የሚታጠብ ዳይፐር ከዚያ የተለየ ጥበብ አይፈልግም። ውስጡ ድርብርብ ጥጥ፣ ውጪው ውሃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ፣ በልጁ ልክ የሚጠብቅና የሚላላ ቁልፍ ነው። ባሕር ዳር ከ1953 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ የልብስ ስፌት የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶላት የዘይት ፋብሪካ ቆሞባታል፤ አሥር የስፌት መኪና ማቆም አይከብዳትም። ዋጋው አንዴ ተከፍሎ ለሁለት ልጅ የሚያገለግል፣ ሰው ፊት ሲቀርቡበትም የማያሳፍር ጨርቅ እዚሁ ቢሰፋ፣ በክትባት ሰልፍ ላይ ያለችው እናት ከእንቁላሏ አትቀንስም ነበር።

ለከተሞቹ ማዘጋጃ ቤቶችም የምለው አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። መልካም ነው። ዳይፐር ግን ፌስታሉ ቢጠፋም ቦዩ ውስጥ መቆየቱ አይቀርም። ቢያንስ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት ዳይፐርን ለይተው የሚይዙበትና ከብትና ውሻ በማይደርስበት የታጠረ ጉድጓድ የሚቀብሩበት መንገድ ይዘጋጅ። ከላህ ወንዝ ራቅ ብሎም ፍሳሹ ወደ ጉድጓድ የሚወርድ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቢሠራ ሴቶቹ ከነጨዋታቸው ወደዚያ ይመጣሉ። ወንዝ መውረድ ለብዙዎቹ ከጎረቤት ጋር የሚገናኙበት ጊዜም ነውና እሱን ሳይነጥቁ ውሃውን መጠበቅ ይቻላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሽንት ቤት እንዲቆፈር፣ እጅ እንዲታጠብ በየቤቱ አስተምሯል። እህቶቻችን ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው እየወጡ የሠሩት ሥራ ነው። አሁን በጉብኝታቸው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ የሕፃኑ ሰገራ የት ነው የሚጣለው? ሽንት ቤት ያለው ቤት ሁሉ ሞዴል አይደለም። የትንሹም ልጅ ሰገራ ጉድጓድ የገባበት ቤት ነው ሞዴል የሚባለው።

ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ ደግሞ እናትየዋን ብቻ አንጠይቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልጅ ለተወለደለት አባት ከነደመወዙ የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ገበሬው ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው ራሱ ነው። በጎጃም አባት ልጁን ይወዳል፤ ለክርስትናው በግ ይገዛል፣ ታመመ ሲባል ሌሊት ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ይሮጣል። ጨርቁን ማጠብ ግን የወንድ ሥራ አይደለም ብሎ አድጓል፤ አሳድገነዋል። ልጁ የሁለት ሰው ሆኖ ሳፋው የአንድ ሰው የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ወንድሜ፣ ሚስትህ ወልዳ ከሆነ ዛሬ ማታ ውሃውን አንተ ቅዳ፤ ሰገራውን ጠርገህ ሽንት ቤት ጨምር፤ ጨርቁንም አንተ እጠብ።